ከታሊን ወደ ስቶክሆልም፦ «ኢስቶኒያ» በሄደችበት መስመር

የኢስቶኒያ ዋና ከተማ ታሊን ውስጥ፣ ወደቡ ከመድረሴ በፊት «ወፍራሟ ማርጋሬት» ከሚሏት ግንብ አጠገብ ቆምኩ። እዚያ መሃሉ የተቆረጠ ጥቁር ቅስት አለ፤ ስሙ «የተቋረጠው መስመር» ነው፤ ባልቲክ ባሕር ላይ ለሰጠመችው የመንገደኛና የመኪና መርከብ፣ ለ«ኢስቶኒያ» የቆመ መታሰቢያ።

መርከቧ በ1980 (እ.ኤ.አ.) ፓፐንቡርግ፣ ጀርመን ተሠራች። 155 ሜትር ትረዝም፣ 2,000 ያህል ሰውና 460 መኪናም ትይዝ ነበር። «ቫይኪንግ ሳሊ»፣ «ሲልያ ስታር»፣ «ዋሳ ኪንግ» እየተባለች በአብዛኛው ደሴቶች ከማዕበል በሚከልሉት የፊንላንድና የስዊድን መስመር አገልግላለች። በ1993 «ኢስቶኒያ» ተብላ ወደ ታሊን መስመር ስትዛወር ግን ማዕበሉን ፊት ለፊት የምትቀበልበት ሰፊ ባሕር ጠበቃት። ለእኔ ነገሩ የሚጀምረው ከዚህ ነው።

አፍንጫዋ ላይ ወደ ላይ የሚከፈት 55 ቶን የሚመዝን የብረት ክዳን ነበራት፤ ከሥር አንድ፣ ከጎንና ጎን ሁለት መቀርቀሪያ ይይዘዋል። ማዕበል እንዲህ ያለውን ክዳን ከሥር ወደ ላይ ይገፋዋል። መቀርቀሪያዎቹ ለዚያ ጉልበት ደካማ ነበሩ። የባሰው ስህተት ግን ሌላ ነው፤ ከክዳኑ ኋላ ያለው የመኪና መወጣጫ ራምፕ ጫፉ ክዳኑ ውስጥ ገብቶ ስለሚቀመጥ፣ ክዳኑ ተገንጥሎ ሲወድቅ ራምፑንም ጎትቶ ከፈተው። ከመርከቧ ማዘዣ ክፍል ደግሞ ክዳኑ አይታይም ነበር።

ሴፕቴምበር 27 ቀን 1994 (እ.ኤ.አ.) ከምሽቱ 1:15 ከታሊን ተነሳች። ማዕበሉ 4 ሜትር ገደማ ነበር። ከሌሊቱ 7 ሰዓት አካባቢ ከፊት በኩል የብረት ምት ተሰማ፤ 7:22 ላይ የድረሱልን ጥሪ አሰማች፤ 7:50 ገደማ ከራዳር ጠፋች። የመኪናው ወለል ከዳር እስከ ዳር ክፍት አዳራሽ ስለሆነ፣ የገባው ውኃ ወደ አንድ ጎን ይሸሻል፤ መርከቧም ወደ ቀኝ አጋደለች። መርከብ እንዲያ ሲያጋድል ደረጃው መወጣጫነቱ ይቀራል፤ መተላለፊያውም ገደል ይሆናል። ታችኛው ወለል የተኙት መውጫ አጡ። ከ989 ሰው 852 ሞቱ፣ 137 ተረፉ።

በ1996 የባልቲክና የሰሜን ባሕር አገሮች ስቶክሆልም ላይ በተስማሙት ደንብ፣ እንዲህ ያሉ መርከቦች የመኪና ወለላቸው ላይ እስከ 50 ሳንቲሜትር ውኃ ቢተኛም እንዳይገለበጡ ሆነው እንዲሠሩ ተደነገገ። ዛሬ ብዙዎቹ አዳዲስ መርከቦች ወደ ጎን የሚከፈት የፊት በር አላቸው፤ ማዕበሉ በሩን ይበልጥ ይዘጋዋል እንጂ አይገነጥለውም።

ስቶክሆልም፣ ዩርጎርደን በተባለው ደሴት ላይ ሌላ መታሰቢያ፣ በሦስት የግራናይት ግንብ የተከበበ ዛፍ አለ። ግንቡ ላይ የሟቾች ስም ተቀርጿል፤ የሁሉም ግን አይደለም፣ አንዳንድ ቤተሰቦች አልፈቀዱም።