ምኑን ቀዳኸው?

ትናንት መሳቢያ ሳጸዳ አንድ አሮጌ ሃርድ ዲስክ እጄ ገባ። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «የአባዬ አርሰናል» ብዬ ጽፌበታለሁ። ኮምፒውተሩ ላይ ሰካሁት። ፋይሉ አለ፣ ቀኑም አለ፤ ኖቬምበር 17፣ 2012። አይከፈትም። እንደማይከፈት ባውቅም ሞከርኩት።

ያን ሰሞን አባዬ ሊጠይቀን ከአዲስ አበባ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ መጥቶ ነበር። አርሰናልና ቶተንሃም ቅዳሜ ይጋጠማሉ፤ በእኛ ሰዓት ገና በማለዳ። ቀኑ ደግሞ ኅዳር 8፣ አርባዕቱ እንስሳ ነው። አባዬ ቤተ ክርስቲያን መቅረት አይሆንለትም። ኳሱም አንጀቱን በላው።

«አይዞህ፣ እቀዳልሃለሁ» አልኩት።

እውነቱን ለመናገር ጉራም ነበረብኝ። የኬብል ቴሌቪዥን ድርጅቱን የኪራይ ሳጥን መልሼ በኮምፒውተር ማየት ከጀመርኩ ዓመት አልሞላኝም። አሠራሩ ቀላል ነበር። ከድርጅቱ ኬብል ካርድ የሚሉትን፣ የከፈልክባቸውን ቻናሎች የሚከፍት ካርድ ትቀበላለህ፤ የባንክ ካርድ ያህላል፣ ወፈር ይላል። እሱን 3 ቻናል በአንዴ የሚቀበል ትንሽ ሳጥን ውስጥ ትሰካለህ። ቀሪውን ዊንዶውስ ሚዲያ ሴንተር የሚባለው፣ ኮምፒውተር ላይ ቴሌቪዥን የሚያሳይና የሚቀዳ ፕሮግራም ይሠራዋል። ነገሩ የመጣው የአሜሪካ ኮንግረስ በ1996 ካወጣው ሕግ ነው፤ ተመልካቹ የራሱን መሣሪያ ገዝቶ መጠቀም እንዲችል ታስቦ።

ከቅዳሴ እንደተመለስን ቁርስ እየበላን ከፈትነው። አዴባዮር በ10ኛው ደቂቃ ለቶተንሃም ሲያገባ አባዬ እንጀራውን አስቀመጠ። ያ የድሮ የአርሰናል ልጅ በ18ኛው ደቂቃ ቀይ ካርድ ሲያይ ግን ብድግ ብሎ አጨበጨበ። 5 ለ 2 አለቀ።

«ይህችን ገልብጥልኝ፤ ሰፈር ወስጄ አሳያቸዋለሁ» አለኝ።

ይህን ሃርድ ዲስክ ገዛሁ። ፋይሉም ያለምንም ችግር ተገለበጠ። ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው ግን ጥቁር ስክሪንና አንድ መስመር ማስጠንቀቂያ ብቻ።

ሌሊቱን ስፈልግ አደርኩ። ለካስ እያንዳንዱ ቻናል ከምስሉ ጋር ምልክት ይዞ ነው የሚመጣው። «እንደፈለግክ ቅዳ»፣ «አንዴ ብቻ ቅዳ»፣ «ፈጽሞ አትቅዳ»። በአንቴና ጭምር የሚታዩትን የአካባቢ ጣቢያዎች ድርጅቶቹ በኬብል ሲያስተላልፉ እንዳይቀዱ መቆለፍ ያኔ አይፈቀድላቸውም ነበር። የቀሩትን ግን ድርጅቱ «አንዴ ብቻ» ማለት ይችል ነበር፤ የእኔው ድርጅትም ሁሉንም ብሏቸዋል። ያቺ «አንዴ» ደግሞ ኮምፒውተሬ ላይ የተቀዳችው ራሷ ናት። ቁልፉ እዚያው ማሽን ውስጥ ይቀራል፤ ፋይሉ ሌላ ቦታ ቢሄድ ሬሳ ነው።

ገና ሲኒማ ቤት ያልጠገበ ፊልም ይቆለፍ፣ ይገባኛል። ግን ውጤቱን ዓለም ሁሉ የሰማውን ኳስ ከማን ነው የሚደብቁት? ቨርጂኒያ ያለ ጓደኛዬ የሌላ ድርጅት ደንበኛ ነበር። ያንኑ ቻናል እንደልቡ ይገለብጥ ነበር። ወይ ምልክት!

ለአባዬ ማስረዳት ግን አቃተኝ። እሱ የቪኤችኤስ ዘመን ሰው ነው። አንድ የሠርግ ካሴት ሰፈሩን ዞሮ፣ ክሩ አልቆ፣ ምስሉ በረዶ እስኪዘንብበት ሲታይ ያውቃል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1984 ከቴሌቪዥን ቀድቶ በኋላ ማየትን ፈቅዷል አልኩት። በ1998 የወጣ ሕግ ደግሞ ቁልፉን መስበር ይከለክላል አልኩት። ዝም ብሎ ሰማኝ።

«ታዲያ ምኑን ቀዳኸው?»

መልስ አልነበረኝም። እሱ አገሩ ገባ። እኔም ኮምፒውተሩ ማዘርቦርዱ እስኪቃጠል ድረስ ያንን ጨዋታ ስንት ጊዜ እንዳየሁት አላውቅም። ከዚያ ወዲህ ዋናው ቅጂም ሞተ። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲመጣ ሚዲያ ሴንተር ተወገደ። በ2020 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ድርጅቶቹ ካርዱን እንዲያቀርቡ የነበረባቸውን ግዴታ ራሱን አነሳው። ካርዱን በፖስታ መለስኩ፤ ዲስኩ መሳቢያ ገባ።

አባዬ ግን ጨዋታውን ባዶ እጁን ሄዶም አሳይቷቸዋል። በአፉ፣ በእጁ፣ የቡና ሲኒ እየደረደረ። አጎቴ እንደነገረኝ በእሱ ቅጂ አዴባዮር ጎል ሳያገባ ነው የወጣው፤ ውጤቱም 7 ለ 1 ሆኗል።