ሰኞ ሥራ እገባለሁ

የወሊድ ፈቃዴ ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ጠዋት የሥራ ልብሴን ስተኩስ እማዬ ልጄን ታቅፋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። «ስንት ቀን ነው የሰጡሽ?» አለችኝ። ከመውለዴ በፊት 30፣ ከወለድኩ በኋላ 90፣ በድምሩ 120 ቀን አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና «እኔ ለወንድምሽ 12 ቀን ነው የተኛሁት» አለች።

ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

እማዬ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። እዚሁ ጎንደር፣ በአንድ የመንግሥት የእህል መጋዘን መዝገብ ትይዝ ነበር፤ ገበሬው ኮታውን፣ ማለትም ለመንግሥት በተወሰነ ዋጋ የመሸጥ ግዴታ ያለበትን እህል፣ ሲያስረክብ ሚዛኑ ያሳየውን ኩንታል የምትጽፈው እሷ ናት። የካቲት 1982 ለግል ነጋዴም በር የከፈተው ቅይጥ ኢኮኖሚ ታወጀ፣ ኮታው ቀረ፣ ነጋዴው እንደ ልቡ እህል መግዛት ጀመረ። ለገበሬው ትልቅ እፎይታ ነበር። እማዬም አትክድም፤ ደምቢያ ያሉ ዘመዶቿ ምርቱ ባነሰ ዓመት ጤፍ ከገበያ በውድ ገዝተው ለኮታው በርካሽ ያስረክቡ ነበር። ግን ከሚዛኑ ፊት የሚሰለፍ ሰው ጠፋ። በ1985 አንድ ዶላር ከ2.07 ብር ወደ 5 ብር ሲሄድ ዘይቱም ሳሙናውም ተወደደ፣ ደመወዟ ግን ባለበት ቆመ። በ1986 የሠራተኛ ቅነሳ መጣ። ስብሰባው ላይ «ባል ያላት ትቅደም» ተባለ፤ እማዬም ከሥራ ወጣች። እኔ ያኔ ጡት አልጣልኩም።

በ1985 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለወሊድ 90 ቀን ይሰጥ ነበር። ወንድሜ በ1988 ሲወለድ ግን እማዬ ፈቃድ የምትጠይቀው አሠሪ አልነበራትም። እንጀራ ጋግራ አውቶ ፓርኮ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች ታስረክብ ነበር፤ ካቋረጠች ደንበኞቿ ወደ ሌላ ይሄዳሉ። በ12ኛው ቀን ከአራስ ቤት ወጥታ ምጣዱን ጣደች። ወንድሜ በ40 ቀኑ ክርስትና ሲነሣ እሷ አራት ሳምንት ጋግራለች። እኔ ደግሞ ልጄን በ80 ቀኗ ክርስትና ሳስነሣ ገና ፈቃድ ላይ ነበርኩ።

ያ ማድ ቤት አሁንም ትዝ ይለኛል። የኩበቱ ጭስ ዓይን ይለበልባል፣ ወንድሜ በአንቀልባ ጀርባዋ ላይ ተኝቷል፣ እሷ አክንባሎውን ከፍታ እንጀራውን ስታወጣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል ይላል። ሁልጊዜ ከልጆቿ ጋር ነበረች። ግን እኔን እንኳ ቀና ብላ የምታይበት ጊዜ አልነበራትም። መጋዘኑ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋ ነበር፤ ማታ የተቦካው ሊጥ ግን ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ይቀሰቅሳታል።

ገበያው ሲከፈት ሴቱም ሠርቶ ማደር ቻለ ይባላል። እውነት ነው። እኔና ወንድሜ በዚያ እንጀራ ተምረናል፣ የምንኖርበት ቤት ጣሪያ የተመታው በእቁብ ብሯ ነው። እንደዚያም ሆኖ «ከመጋዘኑ የቀረብሽ ምንድን ነው?» ስላት ደመወዙን አላነሣችም። «ታምሜ መተኛት» አለችኝ።

ሰኞ ልጄን ትቼ የምሄደው ለእማዬና ከበለሳ ለመጣችው የቤት ሠራተኛችን ነው። ልጅቷ የሁለት ዓመት ወንድ ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች ናት። ለእኔ 120 ቀን የሰጠኝ የ2011 አዋጅ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። ቤቴ ከገባች አምስት ወሯ ነው፤ አራስ ቤት ስንት ቀን እንደተኛች ዛሬ ነው የጠየቅኳት። «እንጃ እትዬ፣ አጨዳ ነበር» አለችኝ።

ማታ ከባለቤቴ ጋር ተቀምጠን ደመወዟን፣ የእሑድ ዕረፍቷንና ስትታመም የምትተኛበትን በወረቀት ልናሰፍር ተነጋግረናል። እስከ ዛሬ አለማድረጋችን አሳፍሮኛል። እማዬ ደግሞ ለጥምቀት ልጅሽን አምጪውና እንየው ብላታለች።