80 ኪሎ ሜትር ሳጥን

ዛሬ ቀኑን ሙሉ ከኮፐርኒከስ የአየር ብክለት መረጃ ጋር ስታገል ዋልኩ። የአውሮፓውያን የኮምፒውተር ሞዴል ነው። ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለውን ብናኝ በየ3 ሰዓቱ አስልቶ ያስቀምጣል፤ የሳተላይት ምልከታም ይጨመርበታል። መለኪያ መሣሪያ ለሌለው ሰፈር እሰየው ነው!

ችግሩ ሳጥኑ ነው። ሞዴሉ ምድርን በሳጥን በሳጥን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ሳጥን አንድ ቁጥር ብቻ ይሰጣል። የአንዱ ጎን 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። የጅማ መርካቶ፣ የባጃጁ ጭስ፣ የአዌቱ ወንዝ ዳር፣ ከከተማው ውጭ ያለው የቡና ጫካ፣ ሁሉም በአንድ ቁጥር ተጠቃለለ። ጫካው የእኛን ጭስ ተካፈለልን ማለት ነው።

ማታ ቤት ስገባ እማዬ እርጥብ ባሕር ዛፍ አንድዳ ታስላለች።

«ምን ስትሠራ ዋልክ?»

«የጅማን ጭስ ሳጠና።»

«ታዲያ እዚሁ አትቀመጥም ነበር?» ብላ ሳቀችብኝ።

ማርገብገቢያውን ተቀበልኳት።