የጋሼ ምሳ ዕቃ

ከጥቂት ዓመታት በፊት አዲስ አበባ ውስጥ ወንጌልን ለወጣቶች የሚያደርስ አንድ አነስተኛ አገልግሎት ውስጥ ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ሥራዬ ስልክ ላይ ነው። ባልደረቦቼ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ቀርጸው ቲክቶክና ቴሌግራም ላይ ይለቃሉ። እኔ ደግሞ አይተው ለሚጽፉልን ሰዎች መልስ እሰጣለሁ። አብዛኛው የሚጽፈው ሌሊት ነው። ከምሽቱ አምስት ሰዓት በኋላ ሰው ቀን አፍኖ የዋለውን ያወጣዋል።

መልእክቱ ሲበዛብኝ አጫጭር መልሶች አዘጋጅቼ ስልኬ ላይ አስቀመጥኩ። ለጭንቀት አንድ፣ ለሱስ አንድ፣ "እግዚአብሔር ካለ ለምን ዝም ይላል?" ለሚል አንድ። ጥቅስ፣ አጭር ጸሎት፣ ከሥር የቪዲዮ ሊንክ። ኮፒ፣ ፔስት። በወሩ መጨረሻ ምን ያህል ሰው መልስ እንዳገኘ በሪፖርት ይቀርባል። ቁጥሩ ሲያድግ እናመሰግናለን።

አንድ ሌሊት አንድ ልጅ ጻፈልኝ። ሥራ ፍለጋ ከክፍለ ሀገር መጥቶ ሳይሳካለት መቅረቱን፣ ተስፋ መቁረጡን ነገረኝ። ለተስፋ መቁረጥ ያዘጋጀሁትን ላክሁለት። ትንሽ ቆይቶ መለሰ። "አነበብኩት፣ ጥሩ ነው። ግን እህል የቀመስኩት ትናንት ጠዋት ነው።"

"እንጸልይልሃለን ወንድሜ" አልኩት። የቢሮአችንን አድራሻ ጨመርኩለትና ተኛሁ።

ጠዋት ስገባ ልጁ በር ላይ ጥበቃችን አጠገብ ተቀምጧል። ጥበቃችን ስልሳ ዓመት ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ምሳ ዕቃቸው ተከፍቷል። ሽሮ በእንጀራ። ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው፣ ምሳቸው መሆኑ ነው። ከመሃል ከፍለው ግማሹን ወደ ልጁ ገፋ አድርገውለታል። ልጁ አንገቱን ደፍቶ ይበላል። እሳቸውም አብረውት ይጎርሳሉ፤ ብቻውን ሲበላ እንዳይሳቀቅ መሰለኝ።

በልቶ ውኃ ሲጠጣ ጠብቀው "ስምህን ማን ልበል ልጄ?" አሉት። ከዚያ እናቱ በሕይወት እንዳሉ ጠየቁት። ከዚያ ምን መሥራት እንደሚችል። ሰፈራቸው ወዳለ ብሎኬት የሚያመርት ሰው ደወሉለት። በመጨረሻ እጁን ይዘው፣ ዓይናቸውን ሳይጨፍኑ፣ ሁለት ሦስት ቃል ጸለዩለትና "ጌታ አልረሳህም" አሉት። ልጁ አለቀሰ። እኔም ሌሊት ያንኑ ቃል ጽፌለት ነበር። ስሙን ግን አልጠየቅሁትም።

የያዕቆብን መልእክት ከልጅነቴ ጀምሮ በቃሌ አውቃለሁ። "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም" ብሎ ለሰውነት የሚያስፈልገውን የማይሰጥ ሰው ምን ይጠቅማል ይላል፣ ምዕራፍ 2። የእኔ ኮፒ ፔስት ከዚህ በምን ይለያል? ስንማር የኤፌሶንን ምዕራፍ 2 ቁጥር 8 እና 9 አጥንተናል፤ መዳን በጸጋ እንደሆነ፣ "ከሥራ አይደለም" እንደሚል። ይህን ዛሬም በሙሉ ልቤ አምናለሁ። ቁጥር 10 ላይ ግን ቶሎ እናልፋለን። እዚያ የተጻፈው "መልካሙን ሥራ ለማድረግ" እንደተፈጠርን ነው። አንዱ ካንዱ ጋር አይጣላም። አንድ አንቀጽ ነው፣ እኛ ነን መሃሉ ላይ የምናቆመው።

ከዚያ በኋላ ወደ ሌላው ጫፍ ሄድኩ። ኃላፊዎቼን ለምኜ ዘይት፣ ዱቄትና ፓስታ የምናከፋፍልበት ፕሮግራም ተጀመረ። እኔም ቤት ለቤት ማዞር ያዝኩ። ስለ እምነት ግን ትንፍሽ አልልም። ምክንያቴ ቀላል አልነበረም። በአገራችን "በዘይትና በስንዴ ሃይማኖት ያስቀይራሉ" የሚባል ወቀሳ አለ፤ እውነት የሆነበት ቦታም አይጠፋም። የተራበ ሰውን እምነት በዱቄት መግዛት ነውር ነው። ይህን እየፈራሁ ሰጥቼ፣ አስፈርሜ፣ እሮጣለሁ።

ሦስተኛው ወር ላይ አንዲት እናት አስቆሙኝ። ብቻቸውን የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። ፈርመው እስክሪብቶውን ሳይመልሱልኝ "ከቤተ ክርስቲያን ነው የምትመጣው አይደል?" አሉኝ።

"አዎ እማማ።"

"ሦስት ወር ሙሉ ስትመላለስ አንድ ቀን ስለ እግዚአብሔር አላወራኸኝም። ድሃ ስለሆንኩ ሆዴ ብቻ የሚጎድለኝ መሰለህ?"

የምለው ጠፋኝ።

ማታ ለአንድ የቀድሞ መምህሬ ደውዬ ነገርኩት። ይህ ጥያቄ አዲስ እንዳልሆነ ያወቅሁት ከእሱ ነው። በ1972 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ የሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ዓለም አቀፍ ኅብረት ለሆነው ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን ደብዳቤ ጽፋ ነበር። ጉዳዩ በወንጌል ስብከትና በሰው ልማት መካከል ያለው ግንኙነት ነው። የምዕራብ ለጋሾች ለትምህርት ቤትና ለክሊኒክ ገንዘብ ይሰጣሉ፤ ለስብከት ሲባል ግን እጃቸው ይሰበሰባል። ቤተ ክርስቲያኒቱ ይህን ተቃወመች። ሰው ሥጋና ነፍስ ተብሎ በሁለት በጀት አይከፈልም፣ ሙሉ ሰው ነው የሚገለገለው አለች። የዚያን ጊዜ ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ደርግ በ1979 እ.ኤ.አ. ገደላቸው።

ያ ደብዳቤ የተጻፈው ለባለ ገንዘቦቹ ነው። እኔን ግን በቀጥታ ነካኝ። መጀመሪያ ለልጁ ቃል ብቻ ሰጠሁት። ቀጥሎ ለእማማ ዱቄት ብቻ። ሁለቱንም ጊዜ ለማን ምን እንደሚበቃ የወሰንኩት እኔ ነኝ። ጋሼ ግን ምሳቸውን ሲያካፍሉ ልጁ ጸሎት ባይፈልግ ኖሮ እንጀራውን መልስ አይሉትም ነበር። እንጀራው ዋጋ አልተጠየቀበትም። ጸሎቱም እንደዚያው። ስፈራው ለነበረው ነገር መፍትሔው ዓይኔ ሥር ነበር፤ መፍትሔው ዝምታ አልነበረም።

በሚቀጥለው ሳምንት ዱቄት ሳልይዝ እማማ ቤት ሄድኩ። "ግባ፣ ቁጭ በል" ብለው ቡና ማጠብ ጀመሩ። የልጅ ልጃቸው እሳቱን ያራግባል። እስኪቆላ ድረስ ከሉቃስ ወንጌል አንድ ታሪክ አነበብኩላቸው፤ የናይን ከተማዋን መበለት፣ አንድ ልጇ ሞቶባት ወደ መቃብር ስትሸኘው ኢየሱስ ያገኛትን። አላቋረጡኝም። አቦሉን ቀድተው ሰጡኝና ሲኒውን ሳያነሱ፣ "የእሷን ልጅ አስነሣላት። የእኔን ልጅ ለምን ወሰደው?" አሉኝ።

ስልኬ ላይ ለዚህ የሚሆን መልስ አልነበረኝም። "አላውቅም እማማ" አልኳቸው። "ሲያያት ግን አዘነላት ይላል።" ዝም ብለው አሰቡ። ከዚያ ስለ ልጃቸው መናገር ጀመሩ፣ ስሙን፣ ሲስቅ እንዴት እንደነበር። እስከ በረካው ድረስ ተቀምጬ ሰማኋቸው።