የራንኮር ቀላቢው ለቅሶ

የውጭ ፊልሞችን በአማርኛ ማናገር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት ሊሞላኝ ነው። የወንዶቹን ድምፅ እኔ እይዛለሁ፤ የሴቶቹንና የልጆቹን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ። በእነዚህ ዓመታት ንጉሥም ሆኜ ተናግሬያለሁ፣ ገዳይም ሆኜ፣ የሚሞት አባትም ሆኜ። አብዛኞቹን ረስቻቸዋለሁ። ሲከነክነኝ የኖረው ግን አንድ ቃል እንኳን ሳይናገር ከፊልሙ የሚወጣ ሰው ነው።

ሰውየው ማላኪሊ ይባላል። የጃባ ሎሌ ነው። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1983 ለእይታ የበቃውን «የጄዳይ መመለስ» የተባለውን የስታር ዋርስ ፊልም ያየ ሁሉ ጃባን ያውቀዋል። ታቱዊን በምትባል በረሃማ ፕላኔት ላይ በኮንትሮባንድ፣ በሰው ሽያጭና በነፍሰ ገዳዮች የሚነግድ፣ እግር የሌለው፣ ቅርፊቱን የጣለ ቀንድ አውጣ የመሰለ ግዙፍ ወንበዴ ነው። መድረኩ ላይ ተጋድሞ ይውላል እንጂ አይራመድም። በዙሪያው ያሉት ሁሉ የሚኖሩት በእርሱ ፊት ነው። ከጭንቅላቱ ሁለት ጅራት የሚወርድለት አማካሪው ቢብ ፎርቱና በጆሮው ያንሾካሹካል፣ አሳማ ፊት ዘቦቹ መጥረቢያ ይዘው ይቆማሉ፣ ሙዚቀኞቹ ይጫወታሉ፣ አንዲት ትንሽ እንስሳ እግሩ ሥር ተቀምጣ ጌታዋ በሳቀ ቁጥር ትስቃለች።

ማላኪሊ ግን እዚያ አዳራሽ ውስጥ የለም። ቦታው ከወለሉ በታች ነው። ጃባ የጠላውን ሰው የሚጥልበት ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ ራንኮር የሚባል አውሬ ይኖራል፤ ማላኪሊ የዚያ አውሬ ተንከባካቢ ነው። ከወገቡ በላይ ራቁቱን የሆነ፣ ጥቁር ቆብ ራሱ ላይ ያጠለቀ፣ ቦርጩ የወጣ ሰው።

ትዕይንቱን ላስታውሳችሁ። ሉክ ስካይዎከር ጓደኞቹን ለማስፈታት መጥቶ ከአንድ ዘብ ጋር ጉድጓዱ ውስጥ ይወድቃል። አውሬው ዘቡን ይበላዋል። ሉክ አጥንት አንስቶ አፉ ውስጥ ሰንቅሮ ያመልጠዋል፤ ወደ አንድ በር ሲሮጥ በብረት ፍርግርግ የተዘጋ ሆኖ ያገኘዋል፤ ከፍርግርጉ ማዶ ያሉት ጠባቂዎችም ገፍተው ይመልሱታል። በመጨረሻ የራስ ቅል አንስቶ የበሩ መቆጣጠሪያ ላይ ይወረውርና ከባዱ የብረት መዝጊያ አውሬው አንገት ላይ ይወርዳል። ተመልካቹ ተነፈሰ። ጀግናው ዳነ። ሌላ ፊልም ቢሆን ካሜራው እዚያው ላይ ዞሮ ወደ ጀግናው ይሄድ ነበር።

እዚህ ላይ ግን ማላኪሊ ይገባል። አውሬውን ያየዋል። ፊቱ ይጨማደዳል፣ አፉ ይከፈታል፣ እንደ ልጅ ያለቅሳል። አንድ ባልደረባው ትከሻውን ያቅፈውና ይዞት ይሄዳል። ጥቂት ሴኮንዶች ናቸው፤ ቀጥሎ ጃባ በቁጣ እስረኞቹን አምጡ ይላል፣ ፊልሙም መንገዱን ይቀጥላል።

ይህን ፊልም መጀመሪያ የተረጎምኩት በ1998 ዓ.ም. ነው። ግድግዳው በእንቁላል ካርቶንና በሁለት አሮጌ ብርድ ልብስ በተሸፈነ አንድ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ድምፅ እንዳይገባ በሩን ዘግተን፣ ላባችንን እየጠረግን ነበር የምንቀዳው። ሥራውን ያዘዘን ሰው አንድ ጥብቅ ሕግ ነበረው፤ ዝም ያለ ቦታ አትተዉ ይል ነበር። ዝም ካላችሁ ደንበኛው ትርጉሙ የተቋረጠ ይመስለዋል፣ ዲቪዲውን ተበላሸ ብሎ ይመልስብኛል። ስለዚህ ሰው ሲያስብም፣ ሲራመድም፣ ሲያለቅስም የሆነ ነገር እናናግረው ነበር። የማላኪሊ ለቅሶ ላይ ስንደርስ ወረቀቴ ባዶ ነበር፤ ሰውየው የሚናገረው ነገር የለምና። እኔም ሳላመነታ ከሆዴ አምጥቼ እንዲህ አልኩ፦ «ወየው ጉዴ! ለጌታዬ ምን ብዬ ልነግረው ነው? ይገድለኛል እኮ!»

ተመልካቹ ወደደው። ሰፈር ውስጥ ሰዎች ያንን ሲደግሙት እሰማ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ ነበር።

ስህተቴ የገባኝ ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ቃሉ ሳይሆን ትርጉሙ ነው የተሳሳተው። አንድ ሰው የሚወደው ነገር ሞቶበት ሲያለቅስ እኔ ጌታውን ፈርቶ እንደሚያለቅስ አድርጌ አቀረብኩት። ሐዘኑን ወሰድኩና ፍርሃት ሰጠሁት። ሎሌ ነው፤ ሎሌ ደግሞ ስለ ጌታው ካልሆነ ስለ ሌላ ስለ ምን ሊያለቅስ ይችላል ብዬ ነው መሰለኝ። አሁን ሳስበው ከዚህ የከፋ በደል በማይክሮፎን ፊት ሠርቼ አላውቅም።

ይህ እንዲገባኝ ያደረገው አንድ ነገር ስለ ፊልሙ አሠራር ሳነብ ያገኘሁት ነው። ፊቱን የምናየው ተዋናይ እንግሊዛዊው ፖል ብሩክ ነው። የምንሰማው ለቅሶ ግን የእርሱ አይደለም። ኧርኒ ፎሴሊየስ የሚባል አሜሪካዊ ነው በድምፅ ያለቀሰለት። ይህ ሰው ከመጀመሪያው ስታር ዋርስ ቀጥሎ፣ እ.ኤ.አ. በ1978፣ በፊልሙ ላይ የሚቀልድ አጭር ፊልም የሠራ ቀልደኛ ነው። አስቡት፦ የእኔው ሙያ ባልደረባ፣ ማይክሮፎን ፊት ቆሞ፣ የሌላ ሰው ፊት እያየ፣ የሌላ ሰው አፍ ሲከፈት እየተከተለ ያለቀሰ። ቀልደኛ ሆኖ ሳለ ቀልድ አላደረገውም። የአንድ አፍታ ሎሌ ነው ብሎ አልናቀውም። ትንፋሹ ሲቆራረጥ፣ ድምፁ ከፍ ብሎ ሲሰበር ትሰማላችሁ። እኔ እርሱ የሠራውን ለቅሶ በጩኸቴ ሸፍኜው ነበር።

የሚለቀስለት አውሬም ቢሆን የእጅ ሥራ ነው። መጀመሪያ ሰው ልብሱን ለብሶ እንዲጫወተው ተሞክሮ አልሆነም፤ በመጨረሻ ፊል ቲፔት ግማሽ ሜትር በማይሞላ፣ በዘንግ በሚንቀሳቀስ አሻንጉሊት ሠራው። ከባድ እንዲመስል ካሜራው በከፍተኛ ፍጥነት ቀርጾ ፊልሙ ሲታይ ዝግ እንዲል ተደረገ። የሚያስፈራው ጩኸቱ ደግሞ ቤን በርት የተባለው የድምፅ ባለሙያ ከአንዲት እግረ አጭር ትንሽ ውሻ ቀድቶ ያዘገየው ነው። የአንድ ቀልደኛ ለቅሶ ለአንዲት ትንሽ ውሻ ድምፅ ማለት ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ ትዕይንቱን ያለ ስሜት ማየት አልቻልኩም።

ሌላው ያስተማረኝ ነገር ከልጅነቴ ነው፤ ማስታወስ ሲገባኝ ያላስታወስኩት። ያደግኩት ናዝሬት ነው። በሰፈራችን የሰው ፈረስና የሰው ጋሪ ይዞ የሚሠራ አንድ ጎልማሳ ነበር። ጠዋት ይወጣል፣ ማታ ለባለቤቱ የቀኑን ገቢ ያስረክባል፣ የተረፈችውን ይይዛል። ፈረሱ ነጭ ሆኖ አንገቱ ላይ ግራጫ ነጠብጣብ ነበረው። አንድ ቀን በክረምት ዋናው መንገድ ዳር ወደቀና አልተነሣም። ሰው ተሰበሰበ። ባለቤቱ መጣ፣ እጁን ወገቡ ላይ አድርጎ ዋጋውን አሰላ። ጋሪ ነጂው ግን መሬት ላይ ተቀምጦ የፈረሱን ግንባር ላይ የታሰረውን ቀይ ክር ለመፍታት ይሞክራል። ጭቃው ቋጠሮውን አጥብቆታል፤ ጣቱ ይንቀጠቀጣል፤ አይፈታለትም። ከዚያ ክሩን በጥርሱ ያዘና ጎተተ፤ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። አጠገቤ የቆመ ሰው «ዕዳው ነው የሚያስለቅሰው፤ ከየት አምጥቶ ይከፍላል» ሲል ሰማሁ። ሌላውም ራሱን ነቀነቀ። እኔም ልጅ ሆኜ አመንኳቸው። ለዕዳ የሚያለቅስ ሰው ግን ቀይ ክር ለመፍታት ጭቃ ላይ አይቀመጥም።

አንዳንዱ አንባቢ ያ አውሬ ሰው በላ አይደለም ወይ ይለኝ ይሆናል። ነው። ሉክ ከመውደቁ በፊት ኡላ የምትባለዋ አረንጓዴ ዳንሰኛ ጃባን እምቢ በማለቷ እዚያው ጉድጓድ ተጥላ ለዚያው አውሬ ቀለብ ሆናለች። እርሷን የተጫወተችው ፌሚ ቴይለር ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1997 ለወጣው የታደሰ ቅጂ ከዓመታት በኋላ ተመልሳ ጥቂት ተጨማሪ ምስል ተቀርጻለች። የኡላን ጩኸት ባልደረባዬ ስትቀዳ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ረዘም ላለ ጊዜ አልተነጋገርንም። ማላኪሊ ንጹሕ ነው አልልም። የወደቁትን ሁሉ ሲበላ ያየ፣ በማግሥቱም ተነሥቶ ቀለብ የሰፈረለት ሰው ነው። ነገር ግን በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ሌላ ፍጡር የሚያለቅስ እርሱ ብቻ ነው። ቢብ ፎርቱና ለማን ያለቅሳል? ያቺ የምትስቀው እንስሳ ለማን ታለቅሳለች? ጃባ ራሱ አውሬውን ያጣው እንደ መጫወቻ ነው። በእኔ ግምት ፊልሙ ለዚህ ሎሌ ለቅሶ ቦታ መስጠቱ ከሁሉም የጦር መርከቦቹ ይበልጥብኛል።

ስም እንኳን ዘግይቶ ነው ያገኘው። እ.ኤ.አ. በ1984 ኬነር የተባለው ኩባንያ አሻንጉሊቱን ሲሸጥ ማሸጊያው ላይ የሰፈረው መጠሪያ ሥራው ብቻ ነበር፦ የራንኮር ጠባቂ። ማላኪሊ የሚለው ስም የመጣው በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ ስለ ጃባ ቤት ሰዎች በተጻፉ ታሪኮች መድበል ውስጥ የራሱን ታሪክ አገኘ፤ እዚያ አውሬውን ይዞ ከጃባ ለማምለጥ ሲያስብ እናየዋለን። እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ በቴሌቪዥን በታየ ተከታታይ ላይም ዳኒ ትሬሆ ሌላ የራንኮር ተንከባካቢ ሆኖ ቀርቦ፣ ራንኮር መጀመሪያ ያየውን ሰው እንደሚላመድ፣ ስሜትም እንዳለው ይናገራል። ያንን ስሰማ ብቻዬን ሶፋ ላይ ተቀምጬ ጮክ ብዬ «ይኸውና!» አልኩ። ከ38 ዓመት በኋላ አንድ ሰው ያን ለቅሶ በቃል መሰከረለት።

ዘንድሮ ፊልሙን እንደገና የመተርጎም ዕድል አገኘሁ። መጀመሪያ የታገልኩት ከመጠሪያው ጋር ነው። «ጠባቂ» ብለው በር ላይ የሚቆም ዘበኛ ይመስላል። «ባልደራስ» ደስ ይላል፣ ግን የፈረስ ቤት ሹም ነው፤ ለዚህ ሰው ማዕረጉ ይበዛበታል። «አሰልጣኝ» ደግሞ ጅራፍ የያዘ የሰርከስ ሰው ያስመስለዋል። ሁለት ቀን ካሰብኩ በኋላ «ቀላቢ» አልኩት። ቀለብ የሚሰፍር፣ መራቡንና መጥገቡን የሚያውቅ፣ እጁን ወደዚያ አፍ አስጠግቶ የኖረ ሰው። ባልደረባዬም ቃሉን ስትሰማ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች።

የቀረጻው ቀን ጉድጓዱ ላይ ደረስን። መዝጊያው ወረደ፣ አውሬው ወደቀ፣ ማላኪሊ ገባ። እኔ ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄድኩ፤ ድምፃችንን የሚቀዳው መስመር ኮምፒውተሩ ላይ ቀጥ ብሎ ባዶውን መሮጥ ጀመረ። በጆሮ ማዳመጫው የፎሴሊየስ ለቅሶ ብቻ ይሰማኛል። ባልደረባዬ የተረሳ ንባብ ያለ መስሏት ወረቀቱን ገለበጠች፣ ከዚያ መሣሪያው የተቋረጠ መስሏት ወደ ቁልፉ እጇን ዘረጋች።

በእጄ ቆዪ አልኳት።