«ለሥራው አመቺነት ሲባል»

ሰው ሀብት ክፍል ስሠራ ብዙ የዝውውር ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። አንዱ ግን ዛሬም ያንገበግበኛል።

መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት ነው። የንብረት ክፍል ሠራተኛዋን፣ መጋዘን ያልገባ ዕቃ እንደገባ አድርጋ ገቢ ደረሰኝ ላይ እንድትፈርም አዘዟት። አልፈርምም አለች። ለውስጥ ኦዲትም በጽሑፍ ጠቆመች። ኦዲት ቆጠረ፣ ጉድለቱ ተገኘ።

ብዙም ሳይቆይ ኃላፊው ጠራኝና ዝውውሯን አዘጋጅ አለኝ።

«ምክንያቱን ምን ልበል?»

«የተለመደውን። ለሥራው አመቺነት ሲባል በል።»

«ጥቆማ ከሰጠች ገና ቅርብ ጊዜዋ ነው እኮ። ቅጣት አይመስልብዎትም?»

«የምን ቅጣት? ደሞዟ አልተነካ፣ ደረጃዋ አልተነካ!»

እኔ አልጽፍም አልኩ። ሌላ ሰው ጻፈው። ደሞዟ በእርግጥ አልተነካም። የተላከችው ግን ከቤቷ እጅግ ወደራቀ ቅርንጫፍ ነው፣ ያውም ከሙያዋ ጋር ወደማይገናኝ ሥራ። የአፈጻጸም ውጤቷም በዚያው ሰሞን ወረደ። መንግሥት ቤት የሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ሰው የሚጎዳው በመባረር ብቻ አይደለም።

ለቅሬታ ሰሚ ኮሚቴው ቅሬታ አቀረበች። ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

«ዝውውሩ በጥቆማሽ ምክንያት ለመሆኑ ማስረጃ አለሽ?» አሏት ሰብሳቢው።

«ጥቆማው የገባበትንና ደብዳቤው የወጣበትን ቀን ይመልከቱ። ኃላፊውም መጠቆሜን ያውቃል።»

«ቀን ማስረጃ አይሆንም፣ እህቴ።»

እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። ከየት ታምጣ? ኃላፊው ያሰበውን በወረቀት አያሰፍር። ፋይሉ ያለው እሱ ዘንድ ነው፣ የሚፈርመውም እሱ ነው። አስረጂ የተባለችው ግን እሷ።

ቀን ማስረጃ የሚሆንበት አገር አለ። የአሜሪካ ፌዴራል ሠራተኞችን የሚመለከተው የጠቋሚዎች ጥበቃ ሕግ የወጣው በ1989 እ.ኤ.አ. ነው። በ1994 ሲሻሻል፣ ኃላፊው ጥቆማውን ማወቁና እርምጃው ብዙም ሳይዘገይ መምጣቱ ጥቆማው ለእርምጃው አስተዋጽኦ እንደነበረው ሊያሳይ እንደሚችል በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ጥቆማው ባይኖርም ያንኑ እርምጃ ይወስድ እንደነበር በጠንካራ ማስረጃ ማሳየት ያለበት መሥሪያ ቤቱ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የ2019 መመሪያም የመንግሥት ሠራተኛውን ከግል ሠራተኛው ጋር አብሮ ይሸፍናል። የሥራ ቦታ መቀየርንና መጥፎ የአፈጻጸም ምዘናን ከበቀል ዓይነቶች መሃል ስም ጠርቶ ዘርዝሯል። ክርክሩ ፍርድ ቤት ከደረሰ ደግሞ የማስረዳት ሸክሙ ወደ አሠሪው ይዞራል። የተባበሩት መንግሥታት የ2003 የፀረ ሙስና ስምምነት አንቀጽ 33 ግን አገሮች ለጠቋሚ ጥበቃ ስለማድረግ እንዲያስቡበት ብቻ ነው የሚጠይቀው። ይሄ አይበቃም። የጠቋሚ ጥበቃ ሕግ ለመንግሥት ሠራተኛው ሲሰፋ የማስረዳት ሸክሙም አብሮ ወደ አሠሪው ካልዞረ፣ የሚጠቁም ሰው ባዶ እጁን ነው የሚቆመው።

ኮሚቴው ዝውውሩን አጸደቀው። እሷም ሄደች።

በቀጣዩ የግምገማ ስብሰባ ኃላፊው ከንብረት ክፍል አዲስ ጥቆማ አለመምጣቱን እንደ ትልቅ መሻሻል አቀረበ። እጄን አወጣሁ። ከዚያ ወዲህ መጋዘኑ ተቆጥሮ እንደሆነ ጠየቅኩ። አልተቆጠረም። ጥያቄውም መልሱም ቃለ ጉባኤው ላይ እንዲሰፍሩ አደረግኩ።