እትዬን ያጎረስኳት በርገር

ባለፈው ሐምሌ ታላቅ እህቴን ሚኒያፖሊስ ውስጥ በርገር አጉርሼ ላንቃዋን አቃጠልኳት። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው። የዚህ ከተማ ሰው ስለ ጁሲ ሉሲ ትኩሳት የሚያወራው እየሳቀ ስለሆነ፣ እኔም ነገሩን ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር።

ለማያውቀው ሰው፦ ጁሲ ሉሲ ቺዙ ከላይ ሳይሆን ሥጋው ውስጥ የሚገባበት በርገር ነው። የተፈጨ ሥጋ በስሱ ሁለት ቦታ ይጠፈጠፍና መሃሉ ቺዝ ይደረግበታል፤ ከዚያ ዳር ዳሩ እንደ ሳምቡሳ ተጭኖ ይዘጋና የጋለ ብረት ላይ ይጠበሳል። ቺዙ እዚያው ታፍኖ ይቀልጣል።

ቤቶቹን ለማግኘት ሲዳር ጎዳናን ብቻ ማወቅ ይበቃል። በሰሜን በኩል የእኛ ሰዎችና ሶማሌዎች የሚበዙባቸው ረጃጅም ፎቆች ያሉበት ሰፈር ነው። በዚያው ጎዳና ወደ ደቡብ ሲወረድ 35ኛው መንገድ ላይ ማትስ ባር፣ 58ኛው ላይ ደግሞ ፋይቭ ኤይት ክለብ ይገኛሉ። በመካከላቸው ሦስት ማይል ያህል ቢሆን ነው። ሁለቱም «የጀመርነው እኛ ነን» ይላሉ። ማትስ ባር የሚጠቅሰው እ.ኤ.አ. 1954ን ነው፤ ፋይቭ ኤይት ክለብ ደግሞ መጠጥ በሕግ ተከልክሎ በነበረበት ዘመን፣ በ1928፣ በድብቅ መጠጥ ቤትነት የተከፈተ ነው። ማትስ ባር ስሙን በእንግሊዝኛ ሲጽፍ ከ«ጁሲ» ውስጥ አንድ ፊደል ይዘልላል፣ ያኛው ሙሉውን ይጽፋል። ኦባማም ፕሬዚዳንት ሳለ በጁን 2014 ማትስ ባር መጥቶ በልቷል። ቤቱ ለብዙ ዓመታት ካርድ አልቀበልም ሲል የኖረ ስለሆነ እኔ እስካሁን ካሽ ይዤ ነው የምሄደው።

ሁለቱንም ቀምሻለሁ። ፋይቭ ኤይት ክለብ የቺዝ ዓይነት ያስመርጣል፤ ለእኔ ግን የማትስ ባር ይበልጣል። ተራው ቢጫ ቺዝ ከተጠበሰው ቀይ ሽንኩርት ጋር ሲገናኝ ሌላ ምንም አያስፈልገውም።

እንደ ክትፎ «ለብ ለብ ይሁንልኝ» ማለት አይቻልም። እኔ ጠይቄ ነበር። ሥጋው በደንብ ካልበሰለ ቺዙ አይቀልጥም፣ መንግሥትም የተፈጨ የበሬ ሥጋ ውስጡ 71 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እስኪደርስ ይብሰል ይላል። በዚህ እስማማለሁ። ክትፎን የምናምነው ሥጋ ቆራጩን ስለምናውቀው ነው።

እትዬ ከጎንደር የመጣችው ሰኔ መጨረሻ ላይ ነው። እናታችን ካረፈች በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት። የሐዋርያትን ጾም እዚሁ ጾማ ሐምሌ 5 ፈታች። ፍልሰታ የሚገባው ነሐሴ 1 ነው። ረቡዕና ዓርብ ሲቀነሱ የቀረን የፍስክ ቀን ሃያ አይሞላም። እነዚያን ቀናት እንዴት እንደማስደስትባት ሳስብ ነበር የከረምኩት።

አንድ ቅዳሜ ወደ ሦስተኛ ቤት ወሰድኳት፣ ስሙ ይቅር። መጀመሪያ የአሳማ ሥጋ በዚያው ብረት ይጠበስ እንደሆነ እንድጠይቅላት ነገረችኝ። አስተናጋጁ ኩሽና ድረስ ሄዶ አጣርቶ «ለብቻ ነው» አለን። ለዚህ አመሰግነዋለሁ። ይህን እናንተም ጠይቁ፣ ብዙ ቦታ ብረቱ አንድ ነው።

በርገሩን ሲያመጣ ግን ሳህኑን አስቀምጦ ዞረ። ምንም አላለም። ቀድሞ በሄድኩባቸው ቤቶች አስተናጋጆቹ «ትንሽ ቆይ» ብለውኝ ነበር። ያኔ ፎቶ ሳነሳና ድንቹን ስበላ ሳላውቀው በርዶልኛል፤ ለምን ቆይ እንዳሉኝ ግን አልገባኝም ነበር። ስለዚህ ሁለቴ የበላሁት እኔ፣ አውቃለሁ ባዩ እኔ፣ እጄን ታጥቤ መጀመሪያ ላጉርሳት ብዬ ተነሳሁ።

ዳሩን ቆርሼ ብሰጣት ምንም አትሆንም ነበር። መሃሉን ፈለግሁላት። ዳቦውን ከሥጋው ጋር ገመስኩ፤ ቺዙ እየተሳበ ሲወጣ በዳቦው ጠቅልዬ ሰበሰብኩት። እጄ ላይ ለስላሳና ለብ ያለ ነበር። ያታለለኝም ይኸው ነው። ወጥ ሲሆን ጣታችን ከአፋችን ቀድሞ ትኩሳቱን ያውቃል፣ እንጀራው ስስ ነው፣ አይደብቅም። ዳቦው ግን ወፍራም ነው፤ እጄ የነካው እሱን እንጂ ውስጡን አልነበረም።

ጎረሰች። አንዴ አላመጠችና ቆመች። ዓይኗ እንባ ሞላ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «ትፊው! ትፊው!» አልኳት። ራሷን ነቀነቀችና ዋጠችው። ወጥ ቢሆን ይወርዳል፤ የቀለጠ ቺዝ ግን ላንቃ ላይ ይለጠፋል፣ ተለጥፎም ያቃጥላል። ውሃ ከጠጣች በኋላ ለምን እንዳልተፋችው ስጠይቃት «ጉርሻ ይተፋል እንዴ?» አለችኝ።

ማታ ላንቃዋ ውሃ ቋጠረ፣ በማግስቱ ተላጠ። በስልክ ያገኘናት ነርስ መተንፈስና መዋጥ እንደምትችል ጠይቃ፣ ቀዝቃዛ ነገር ውሰጂ፣ የሚያቃጥልና ትኩስ ነገር ተዪ አለቻት። በርበሬውን ከጎንደር ራሷ አስፈጭታ ያመጣችው ሴት አሥር ቀን በርበሬ ሳትቀምስ በእርጎና በቀዘቀዘ አጥሚት ሰነበተች። በመሃል ዶሮ ሠራችልን። አሥራ ሁለቱን ብልት አውጥታ፣ ሽንኩርቱን ግማሽ ቀን አቁላልታ፣ ጨውና ቅመሙን «እስቲ አንተ ቅመሰው» እያለች በእኔ አፍ ሠራችው። ያን ዶሮ ስበላ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ነበር።

ቤቱ ጋ ደውዬ ደንበኛን አስጠንቅቁ ብላቸው «ሰው ሁሉ ያውቀዋል እኮ» አሉኝ። እስካሁን ይከነክነኛል። ከጎንደር የመጣች ሴት ከየት ታውቀዋለች?

ከዚያ በኋላ ብቻዬን እየሄድኩ ሰዓት ይዤ ፈተንኩት። ሁለት ሦስት ደቂቃ ይበቃል ይባላል፤ አይበቃም። በሦስተኛው ደቂቃ ጎኑን በሹካ ስወጋው እንፋሎቱ ገና እየተንቦለቦለ ይወጣ ነበር። እኔ ስምንት ደቂቃ እላለሁ። እንደመጣላችሁ ጎኑን ወግታችሁ እንፋሎቱን አስወጡለት፣ ድንቹን ብሉ፣ ተጫወቱ። ቺዙ ይደርቃል የሚሉትን አትስሟቸው፤ በስምንት ደቂቃም ይፈስሳል። መጀመሪያ ከዳሩ በትንሹ ቅመሱ። ለልጅም ለአዋቂም መሃሉን አታጉርሱ።

የእትዬ ላንቃ በደንብ የዳነው ፍልሰታ ሲገባ ነው። እሷም ጾሙ ሳይፈታ ነሐሴ 12 ተመለሰች። አሁን ስልክ ስንደዋወል አልፎ አልፎ «ያ በርገር ግን ጣዕሙ እንዴት ነበር?» ትለኛለች፣ እኔም እነግራታለሁ።